ጉርሻ የፈታው መንጋጋ

የሚስቅ መስሎኝ ነበር። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ትልቁ ልጄ ከጨዋታው ሜዳ ሲመለስ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ ገባ። «ማንን ረትታችሁ ነው እንዲህ የሚያስፈነድቅህ?» አልኩት። ጋቢውን ይበልጥ አፉ ላይ ጫነ። ጓደኞቹ ደጃፉ ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ደግሞ የሰው ፊት የማይበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ረጅሙን ፆም ፈትተን እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ይወጣል። ከዶሮው ወጥ አጥቅሼ፣ ከሥጋውም መርጬ ጠቀለልኩና «እንካ፤ በገና ቀን እናቱ ያላጎረሰችው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይርበዋል» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ጋቢውን አወረደ። አፉን ከፈተ። የታችኛው ጥርሱ ግማሹ ወረደ፤ ግማሹ በቦታው ቀረ።

ሰው አፉን ሲከፍት ጥርሱ አብሮ ነው የሚወርደው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው ልብ ሳልለው የኖርኩት ነገር ነው። የልጄ አፍ ግን ባለ ሁለት ሳንቃ በር ሆነና አንዱ ሳንቃ ብቻ ተከፈተ። በመካከሉ ደም አለ። ጉርሻው ከእጄ ወደቀ፤ ድመቷ አላሳለፈችውም። እኔ ጮህኩ።

ባለቤቴ ከጓሮ እየሮጠ መጣ። «ምንድን ነው? ቤት ተቃጠለ?»

«መንጋጋው! ለሁለት!»

«ለሁለት ምን?»

«ለሁለት ሆነ እንጂ ምን እላለሁ!»

በአገራችን በእስቴ እኔ ፈሪ በመባል የታወቅሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ «አንቺ ደመና ሳይኖር ትረጥቢያለሽ» ይለኛል። ልጅ ዛፍ ላይ ሲወጣ አላይም፤ በሬ ሲዋጋ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ በቅሎ ከኋላዋ አላልፍም። ስለዚህ ስጮህ ማንም ቶሎ አይደነግጥም። ያን ዕለት ግን ባለቤቴ የልጁን አፍ አየና ወጌሻ እንዲጠራ ሰው አስሮጠ። የእሱ መጣደፍ ከእኔ ጩኸት ይልቅ አስፈራኝ።

የመታው የገዛ ጓደኛው ነው። አብረው ያደጉ፣ ለጥር መጨረሻ በተቆረጠው የልጄ ሠርግ ላይም አንደኛ ሚዜ ሊሆን የታጨ። ሩሯ፣ ከእንጨት የተጠረበችው የጨዋታዋ ኳስ፣ በሁለቱ መካከል ስትንከባለል ሁለቱም ጎንበስ አሉ፤ ልጄ ቀድሞ ደረሰ፣ የጓደኛው ዱላ ዘግይቶ ከታች ወደ ላይ መጣና አገጩን አገኘው። ይኼው ነው። ጓደኛው ደጃፉ ላይ ዱላውን እንደያዘ ቆሟል። ሌላውን እጁን ጨብጦታል። ቀስ ብሎ ከፈተልኝ።

«እናታችን፣ ይቺን ሜዳው ላይ አገኘኋት» አለ። የልጄ ጥርስ ናት።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ በሚባልበት አገር ማንን ልቆጣ? ካሣ የለ፣ ክስ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ጌታ እንኳ ካልተቆጣ እኔ ማን ሆኜ እቆጣለሁ? ጥርሷን ተቀበልኩና ዱላውን ነጥቄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። የወይራ ዱላ ነበር፣ የተወለወለ፤ የባለቤቴ አባት ዱላ መሆኑን የሰማሁት ከነደደ በኋላ ነው። ለካስ ባለቤቴ ነበር ያዋሰው። ይህን እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ወጌሻው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አውራ ጣታቸው እንደ ዘነዘና የወፈረ፣ እጃቸው ግን እንቁላል የሚይዝ እጅ ነው። እሳቸውን የሚያውቅ ሁሉ ወሩን የሚለዩት በሚመጣላቸው ፊት ነው እያለ ይቀልዳል። እውነትም ነው፤ ልጁን እያዩ እኔን ለማረጋጋት ይመስለኛል ይነግሩኝ ጀመር።

«በኅዳር አውድማ ላይ በሬ በቀንዱ ጉንጭ ይሰብራል። በታኅሣሥ የገና ዱላ መንጋጋ ይሰብራል። በጥር ሠርግ ነው፤ ሰውየው ጠጥቶ በቅሎዋ መንገዱን ታውቃለች ብሎ ይተኛባታል፤ እሷ ታውቃለች፣ እሱ አፍንጫውን ይሰብራል። ግንቦት ሲመጣ ጎጆ የሚከድነው ከጣራ ይወርዳል። ሰኔ ድንበር የሚገፋፋ ነው፤ እሱ እንኳ ወደቅሁ ነው የሚለኝ። ሐምሌ ጭቃው ነው።»

«ነሐሴስ?» አልኳቸው፤ ከፍርሃቴ ብዛት ምን እንደምጠይቅም አላውቅም።

«ነሐሴ አርፋለሁ። የቡሄ ጅራፍ አጥንት አይሰብርም።»

ይህን እያሉ በአውራ ጣታቸው መንጋጋውን ከጆሮው ሥር ጀምረው እስከ አገጩ ዳሰሱት። ከዚያ አንድ የእንጨት ስንጣሪ አነሱና «ንከስ» አሉት። ነከሰ። ሳብ አደረጉት። እንጨቱ ከቅቤ ውስጥ እንደሚወጣ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ገጣጥመው፣ ጨርቅ ቀደው፣ ከአገጩ ወደ አናቱ አሰሩት።

ያን ጊዜ እንደገና ጮህኩ። በእኛ ዘንድ አገጩ እንዲያ የሚታሰረው ማን እንደሆነ የሞተ ሰው ያጠበ ያውቀዋል።

«ዝም በይ» አሉኝ ወጌሻው። «የሞተ ሰው አያጉረመርምም። ይሄ ስሚው፣ እኔን እየሰደበኝ ነው።»

ልጄ በጨርቁ ውስጥ እውነትም የሆነ ነገር ይል ነበር።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ትእዛዝ ሰጡኝ። «አጥንት እንደ ግድግዳ ምርጊት ነው፤ ሳይደርቅ ከነካሽው ይወርዳል። አጥሚት፣ ወተት፣ የተልባ ውኃ። ማኘክ የለም። መሳቅም የለም። ጉርሻ የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይታይ። ከጉርሻ ጠብቂው፤ ከሌላው እግዜር ይጠብቀዋል።»

እኔ ከጅብ መጠበቅን አውቃለሁ። ከጉርሻ መጠበቅን ግን ማን አስተምሮኝ? በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል። ይዞ የመጣውንም በእጁ ሳያቀምስ መሄድ ጥየቃ አይባልም። የጎረቤቱን ሁሉ እጅ እየያዝኩ መለስኩ። የአንዷን ጉርሻ ራሴ ጎረስኩላት፤ የሁለተኛይቱንም እንዲሁ። ልጄ እየከሳ እኔ እየወፈርኩ ሄድኩ። ባለቤቴ «ይህ በሽታ ላንቺ ተስማምቶሻል» አለኝ።

ከዚያ የባለቤቴ ታላቅ እህት መጣች። ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ አህያ ጭና። ልጄን ሕፃን ሆኖ በጀርባዋ ያዘለች፣ በቤታችን ቃሏ የማይመለስ ሴት ናት። እኔም አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ስጽፍ እንደ እህቴ አድርጌ ነው የማነሳት፤ ኋላ ከእህትም በልጣልኛለችና። ገብታ ልጁን አየችው። አጥሚቱን በጣሳው አየችው።

«በውኃ ነው የምታኖሪው? የወንድሜ ልጅ ጎመን ነው?»

«እትዬ፣ ወጌሻው ናቸው ያዘዙት።»

«ወጌሻ አጥንት ያውቃል፤ ሆድ አያውቅም።»

ወተት ልጨምር ወደ ጓዳ ዘለቅሁ። ለካስ እሷ ያመጣችውን ሞሰብ ከፍታ ጠቅልላ ኖሯል። ልጄ እምቢ አላላትም። እንዴት እምቢ ይላታል? ያዘለችው ናት። ጨርቁን ዝቅ አድርጋ አጎረሰችው፤ የመጀመሪያውን ሳያኝክ ዋጠው። ቢሆንለት እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚባል ነገር አለ። «አንድ ያጣላል፣ ከአክስትህ ልትጣላ ነው?» ብላ ሁለተኛውን ከተተችለት። ይኼኛው ትልቅ ነበር፤ ሥጋም ነበረበት። ጓዳ ሆኜ ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ወተቱን እዚያው ደፋሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ፊቱ እንደ ቅል አብጦ ነበር። ትኩሳት ይዞታል፤ ምራቁ ይዝረበረባል። የባሰው ግን በጀርባው ሲተኛ ነው፤ ጉሮሮው ይንኮራኮርና ትንፋሹ ይቆማል፤ ሲያነሱት መልሶ ይተነፍሳል። ወጌሻው መጥተው በጎኑ ሲያጋድሉት ትንፋሹ ተከፈተ።

«ምላሱ ነው» አሉኝ። «ምላስ የሚይዘው መንጋጋ ነው፤ የሚይዘው ሲሰበር ወደ ኋላ ይወድቅና መንገድ ይዘጋል። በጀርባው እንዳታስተኙት። በደረቱ፣ ፊቱን ወደ መሬት። እኔ እጄ እዚህ ድረስ ነው። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት በሽቦ የሚያስሩ አሉ፤ ዛሬውኑ ውሰዱት።» ወደ አክስቱ ዞሩና «ማን ነው ያጎረሰው አልልም» አሉ።

«አትበሉ!» አለች አክስቱ፤ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች። «ያበላሸሁትን ሲጠገን ሳላይ አገሬ አልገባም።» በዚያው እግሯ ስንቅ መቋጠር ጀመረች።

ቃሬዛ ተሠራ። ባለቤቴና የመንደሩ ወንዶች በየተራ ሊሸከሙት ወጡ፤ ጓደኛው የቃሬዛውን የፊት እጀታ ያዘ፤ ተራ ልቀቅ ቢሉትም አልለቅም አለ። ልጄን በደረቱ አስተኝተን፣ ራሱን ከቃሬዛው ጫፍ አሳልፈን፣ ከፀሐይ እንዲከልለው ጋቢ ጣል አደረግንበት። እኔ ከጎኑ እየተራመድኩ ጀርባው ከፍ ዝቅ ማለቱን ብቻ እመለከታለሁ። መንገዱን አላየሁትም። ገደሉን አላየሁትም። ለፈሪ ሰው አንድ ትልቅ ፍርሃት ደግ ነው፤ ትንንሾቹን ሁሉ ያስረሳል።

ወደ መካነ ኢየሱስ ስንቃረብ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ቃሬዛ ሲያይ ቆቡን ያወልቃል፤ ከበቅሎው ይወርዳል። አንዲት ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ግን ሸክሟን ዱብ አደረገችና ደረቷን መታች። «ወይኔ! ፊቱን እንኳ ለመሬት ሰጥቶ! ምን ዓይነት አሟሟት ነው የሞትክ ወንድሜ! የማን ቤት ነው የፈረሰው!» ድምፅ አላት፤ እንዴት ያለ ድምፅ! አክስቱ እንኳ ነገሩን ረስታ አብራ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ያኔ ከጋቢው ሥር አንድ እጅ ወጣና አየሩ ላይ ተወዛወዘ። ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ የሚል ነው።

ሴትዮዋ ወደ ኋላ ተንደርድራ ሽንኩርቷ ላይ ተቀመጠች። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ተንበረከኩ፤ ቃሬዛው ሊወድቅ ነው ብዬ እኔ ጮህኩ። ሴትዮዋ ትንፋሿ ሲመለስ ተቆጣች። «እና እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» አለች።

«ለሌላ አስቀምጭው» አላት ጓደኛው፤ «እሱ ጥር ላይ ይሞሸራል።»

«እንዲህ በግንባሩ ተደፍቶ?» አለች፤ እሷም ሳቀች። ሽንኩርት መርጣ ለስንቃችን ሰጠችን።

መካነ ኢየሱስ አድረን፣ በማግሥቱ ፀሐይ ሳትገባ ደብረ ታቦር ደረስን። ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ድሬሰሩ ተቀበለን፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ለፈረንጁ ሐኪምም የሚያስተረጉም የአገራችን ሰው ነው። ሐኪሙ ረጅም ነው፤ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከዚያ ያደረገውን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በአውራ ጣቱ ከጆሮ ሥር ጀምሮ እስከ አገጭ ዳሰሰው። ቀጭን እንጨት አወጣና አፉ ውስጥ አድርጎ «ንከስ» አስባለው። ሳበው። ወጣ። ራሱን ነቀነቀ።

«ከእኛ ወጌሻ ጋር አንድ እናት ናት የወለደቻቸው?» አልኩት ድሬሰሩን።

ይህን ለሐኪሙ ነገረው መሰለኝ፤ ሐኪሙ ከልቡ ሳቀና ወጌሻው በደረቱ ማስተኛታቸውን ሲሰማ ደግሞ ሳቁን ትቶ «ጥሩ፣ ጥሩ» አለ በአማርኛ።

ሲያስሩት ከውጭ ነበርኩ። ሲያወጡት የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ጋር በቀጭን ሽቦ ተጠላልፎ እንደ ጓሮ አጥር ሆኗል። አክስቱ አየችው። «አፉን ሰፉት!»

«ጉርሻ የለም» አለ ድሬሰሩ፤ ታሪኩን ሰምቷል። «በሩ ተቆልፏል፣ እመቤቴ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከኪሱ አጭር፣ አፉ የደነደነ የሽቦ መቁረጫ መቀስ አወጣ።

«እናቴ፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። አገጩ አሁን አይከፈትም። ቢያስታውከው ወይም የጠጣው ወደ ሳምባው ቢሄድ መውጫ አያገኝም፤ ይታፈናል። ትንፋሹ ከተዘጋ እነዚህን ሽቦዎች፣ ይኼንን፣ ይኼንን፣ ይቁረጡ። እኔን አይጠብቁ። ነገር ግን ሳይታፈን ከቆረጡ የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል፤ ሦስተኛ መግጠም ደግሞ ሐኪሙም እንዳይሆንለት እሰጋለሁ። መለያው አፍንጫው ነው። አፍንጫው ላይ ትንፋሽ ካለ አይንኩት።»

«ለአባቱ ስጠው» አልኩ።

«አባቱ ወደ አውድማው ይመለሳል።»

«ለአክስቱ ስጣት።»

ድሬሰሩ አክስቱን አያት። አክስቱም መሬት መሬት አየች። መቀሱን እኔ ተቀበልኩ። ደመና ሳይኖር የምረጥበው ሴት የልጄን ትንፋሽ በመቀነቴ ቋጥሬ ተቀመጥኩ።

አገራችን ሩቅ ስለሆነ ሽቦው እስኪፈታ እዚያው ቆየን። የወንዶቹ ክፍል ውስጥ ከልጄ አልጋ ቀጥሎ የላይ ጋይንት ሰው ተኝቷል፤ ጉንጩን በቅሎ ረግጣው አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ግማሽ ፊቱ ሌላ ሰው ይመስላል። አፉ ግን ጤነኛ ነው፤ በጣም ጤነኛ። ቀኑን ሙሉ ለበቅሎዋ ይሟገታል። «ጥፋቷ አይደለም፤ እኔ ነኝ በኋላዋ የዞርኩ። እንዲህ ያለች በቅሎ በጋይንት የለችም።» ከማዶ ደግሞ ጣራ ሲከድን የወደቀ የስማዳ ሰው አለ፤ አፍንጫው ተሰብሮ በጨርቅ ተወትፏል፤ ሲናገር ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመስለው። በሩ አጠገብ ያለው ዓይኑ ሥር የተሰበረ ዝምተኛ ሰው ነው።

«አንተስ ምን ሆነህ ነው?» ሲለው የበቅሎው ሰው፣

«ወደቅሁ» ይላል።

«ምን ላይ?»

«ድንጋይ ላይ።»

«ድንጋዩ ቀለበት አድርጎ ነበር?» አለው አንድ ቀን ድሬሰሩ ቁስሉን እያጠበ። ዝምተኛው ሰው «የወንድሜ ድንጋይ ነው፤ ድንበር ላይ» አለ። ከዚያ በኋላ እሱም መሳቅ ጀመረ፤ ወንድሙም ዳቦ ይዞ ሊጠይቀው መጣ፤ ሁለቱም ወደ ግድግዳው እያዩ አብረው በሉት።

ወጌሻችን የነገሩኝ ወራት ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ በየአልጋው ተኝተው ነበር። እኔ የበቅሎ፣ የጣራ፣ የዱላ ፍርሃቴን ስናገር የሚስቅብኝ ባለቤቴ እዚያ ቢሆን ምን ይል ነበር እያልኩ እደሰታለሁ። ፍርሃቴ በሙሉ እውነት ኖሯል። ደግሞም ሁሉም በሕይወት አሉ፤ ይህን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ልጄን የምንመግበው በሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ያች ጥርስ የወለቀችበት ክፍተት አለች፤ የማንቆርቆሪያዋን አፍ እዚያ ላይ እናስጠጋና ወተቱን ቀስ አድርገን እናፈስሳለን። ጓደኛው ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር «ያቺን በር የከፈትኩላችሁ እኔ ነኝ፤ ማመስገን ይገባችኋል» ይላል። አክስቱ ተልባ ትወቅጣለች፣ አጥሚት ታቀጥናለች፤ እጇ ሥራ ሲፈታ ባዶ አየር ላይ ጉርሻ እየጠቀለለች አገኛታለሁ። ከሙሽራይቱ አባት ቤትም መልእክት መጣ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፤ እስከዚያ ልጁ ሐሳቡን ከለወጠ አፉ ታስሮ አልተናገረም ብለን እንይዘዋለን አሉ። ልጄ በሽቦው ውስጥ ጥርሱን እንደነከሰ «አይ-ለ-ወጥም» አለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት።

እኔ ግን አልተኛም። ቢያስል እጄ መቀነቴ ላይ ነው። ቢያንኮራፋ እጄ መቀነቴ ላይ ነው። የበቅሎው ሰው «እኚህ እናት አንድ ቀን የእኔን ጆሮ ነው የሚቆርጡት» ይላል።

የፈራሁት ቀን ደረሰ። ምሳ ሰዓት ነው፤ እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወተቱን አፈስሳለሁ። የበቅሎው ሰው የማይቆም ወሬውን ይዟል። ቤተሰቦቹ ሊጠይቁት ሲመጡ በቅሎዋን ይዘዋት መጥተው ነበርና፣ በመስኮት አንገቷን ስታስገባ «ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው» አለ። በቅሎዋ ጋቢውን ነክሳ ጎትታ ወሰደችበት። ልጄ ሳቀ። ወተት በአፉ እንደያዘ ሳቀ።

ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። ዓይኑ ፈጠጠ። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ደረቱ ይንጣል፤ ድምፅ ግን የለም። ከእጄ ማንቆርቆሪያው ወደቀ። አክስቱ «ቁረጭ! ቁረጭ!» ትላለች። የስማዳው ሰው ከጉድጓዱ «ድሬሰሩን ጥሩ!» ይላል። መቀሱን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ሽቦ በመቀሱ አፍ ውስጥ አስገባሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

አፍንጫው፣ አልኩ። ሌላውን እጄን አፍንጫው ላይ አደረግሁ። ምንም የለም። ከዚያ የወጌሻው ነገር መጣልኝ፤ በደረቱ፣ ፊቱን ወደ መሬት። በጀርባው ተደግፎ ነው የተቀመጠው! መቀሱን ከሽቦው ሳላወጣ «እትዬ፣ ገልብጪው!» አልኳት፤ አንቺ አልኳት፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ትከሻውን ይዛ ወደ አልጋው ጠርዝ ገለበጠችው። ራሱ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ወተቱ በወለቀችው ጥርስ በር ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ጣቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። ትንፋሽ ነው። እንደገና። እንደገና።

መቀሱን ከሽቦው አወጣሁት። አልቆረጥኩም።

ድሬሰሩ ሲሮጥ ሲደርስ ልጄ በደረቱ ተጋድሞ በአፍንጫው እያፏጨ ይተነፍሳል፤ እኔ ወለሉ ላይ ወተት ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ሁሉም አሉ። «እናቴ» አለኝ፤ «እኔ ብሆን ቆርጬ ነበር።» ይህን ያለኝ ሊያስደስተኝ ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን እውነቱን ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

አክስቱ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንቺ አልሽኝ» አለች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«አይ፣ ተይው። አንቺ ይሻላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንቱ ይረዝማል።»

ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ አንቺ እንባባላለን፤ ባለቤቴ እስካሁን አልለመደውም።

ሽቦው የተፈታው ዓቢይ ፆም በገባ ሳምንት ነው። ልጄ ያን ሁሉ ጊዜ የዶሮ ወጥ ሲያልም ከርሞ አፉ የተከፈተው በሽሮ ቀን ሆነ። «እግዜርም ገና ይጫወታል» አለ የበቅሎው ሰው፤ እሱም ጉንጩ ተነስቶለት ሊወጣ ሲሰናዳ ነበር። ድሬሰሩ ሽቦውን ጎትቶ ሲጨርስ ሐኪሙ መጣ። ልጄ አፉን ከፈተ፤ በጥቂቱ፣ እንደ ዛገ በር። እኔ ያየሁት ግን ጥርሶቹን ነው። በሙሉ አብረው ወረዱ። በሙሉ አብረው ተመለሱ፤ ያቺ አንዷ ብቻ የለችም።

ሐኪሙ ያን ቀጭን እንጨት አወጣ። «ንከስ።» ልጄ ነከሰ። ሐኪሙ ሳበ። አልወጣም። ጠንክሮ ሳበ፤ እንጨቱ እጁ ላይ ተሰበረ፤ ግማሹ በልጄ ጥርስ መካከል ቀረ። ሐኪሙ የተሰበረውን ስንጣሪ ከፍ አድርጎ አሳየኝና «እንጨት ተሰበረ፤ አጥንት ደኅና» አለ፤ ይህንንም በአማርኛ።

አክስቱ በእጇ የያዘችውን ነገር ከነጠላዋ ሥር አወጣች። ጉርሻ ነው፤ በሽሮ የተለወሰ፣ ከሽንብራ ፍሬ የማይበልጥ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ትንሽ ጉርሻ ጠቅልላ እንደማታውቅ እምላለሁ። ወደ እሱ አልሄደችም። ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እናቱ ታጉርሰው» አለች። «የገናው ዕዳ ነው።»

ተቀበልኳት። አጎረስኩት። በዝግታ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ። ድምፁን አዳመጥኩ፤ የሚሰበር ነገር የለም፤ የሚታኘክ እንጀራ ብቻ ነው። ዋጠ።

«እማ» አለኝ፣ ሙሉ አፉን ከፍቶ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ «ሁለተኛ ተልባ ያልሽኝ ዕለት ከቤት እወጣለሁ።»

መቀነቴን ፈታሁና መቀሱን ለድሬሰሩ መለስኩለት። ወገቤ ቀለለኝ። ከሐኪም ቤቱ ደጅ ስንወጣ ባለቤቴ በቅሎ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ከኋላዋ አላለፍኩም፣ በፊቷ ዞርኩ። ልጁን ሳይሆን እኔን አየኝ፤ «እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«ልጃችን ድኗል» አልኩት። «እኔም ደኅና ነኝ። አሁን አልፈራም።»